ቁርጥ ያለ መልስ ይዛችሁ ሂዱ

የቡና አዝመራ በጀመረ ቁጥር አብሮት የሚጀምር አንድ ጥያቄ አለ። "ዘንድሮ ዱባይ ትሄዳለህ?" ለቡና ኤግዚቢሽኑ ማለታቸው ነው። ጓደኛ ይጠይቀኛል፣ አቅራቢ ይጠይቀኛል፣ የላኪነት ፈቃድ ገና ያወጣ ወጣት ይጠይቀኛል። ከዚያ ዝርዝሩ ይከተላል። ቪዛው በስንት ቀን ይወጣል? ሆቴል የት ይሻላል? ባነሩን እዚህ ላሠራው ወይስ እዚያ? ካርድ ስንት ላሳትም? የማውቀውን ሁሉ ደስ ብሎኝ እነግራቸዋለሁ። የሚያሳስበኝ ያልተጠየቅኩት ነው። "ገዢው ምን ይለኛል፣ እኔስ ምን እመልስለታለሁ?" የሚለኝ ሰው እምብዛም አይገጥመኝም።

የምሠራው ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ ነው። ውሎዬ ከገዢዎች ጋር ነው። በነዚህ ጉባኤዎችና ኤግዚቢሽኖች ላይ ቆሜ ደጋግሜ ያየሁት፣ ባየሁትም ቁጥር አንጀቴን የሚበላው ነገር አለ። ሰውየው ድንቅ ቡና ይዞ መጥቷል። ገዢው ቀምሶት ዓይኑ በርቷል። "ስንት ኬሻ አለህ?" ይለዋል። የኛ ሰው "የፈለግከውን ያህል" ብሎ ይመልሳል። ገዢው ፈገግ ይላል፣ ካርድ ይቀበላል፣ ይሄዳል። በቃ፣ አይመለስም። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ መልስ ደግነት ነው። ገዢው ግን የሚሰማው ሌላ ነው፤ ይህ ሰው መጋዘኑ ውስጥ ያለውን አያውቅም ብሎ ይደመድማል።

ስለዚህ ዝግጅት ስል ሻንጣ ማሰናዳት ማለቴ አይደለም። ቁርጥ ያለ መልስ ማሰናዳት ማለቴ ነው።

መጀመሪያ የት እንደምትሄዱ እንነጋገር፣ እሱ ቶሎ ያልቃል። አፍካ የምንለው የአፍሪካ ምርጥ ቡናዎች ማኅበር ጉባኤ በየካቲት አካባቢ ከአገር አገር እየዞረ ይካሄዳል። በ2024 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ነበር፣ በ2025 ዳሬሰላም። ወርልድ ኦፍ ኮፊ የሚባለው የዱባዩ ኤግዚቢሽን ከ2022 ጀምሮ በዱባይ ወርልድ ትሬድ ሴንተር የሚደረግ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከገና እስከ የካቲት መጀመሪያ ባለው ጊዜ ይውላል። የአውሮፓው በነሱ በጋ ነው፤ በ2024 ኮፐንሃገን፣ በ2025 ጄኔቫ ተካሂዷል። የአሜሪካው ኤክስፖ ደግሞ በሚያዝያ አካባቢ ነው፤ በ2025 ሂዩስተን ነበር። ሁሉም ጋ አይኬድም፣ አቅምም አይፈቅድም። መለኪያው ቀላል ነው፦ ቡናችሁን የሚጠጣው ማነው? ሐረርና ለቀምት የምትልኩ ከሆነ የሳዑዲ ሰው ገና ስሙን ስትጠሩለት ያውቀዋል፣ አባቱም ሲጠጣው ነው ያደገው፤ ዱባይ ሂዱ። የታጠበ ይርጋጨፌ ለአውሮፓ አስመጪዎች የምትሸጡ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን ለሰኔ አቆዩት። ጎረቤት ስለሄደ ብቻ አይኬድም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ።

አንድ የማከብራቸው አዛውንት ላኪ አሉ። ኤግዚቢሽን ላይ ሲቆሙ ደረት ኪሳቸው ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት አለች። ምንም ጌጥ የላትም፣ በእጅ የተጻፈች ናት። በያንዳንዱ ቡና ስም ትይዩ የኬሻ ብዛት፣ ዋጋ፣ የሚጫንበት ጊዜ። አንድ ቀን ከሪያድ የመጣ ቡና ቆዪ ቡዛቸው (የማሳያ ቦታቸው) ጋ ደረሰ። ሐረራቸውን ቀመሰና በቀጥታ ጠየቀ።

"ይሄ ስንት ኬሻ አለ?"

"180 ነው። ከሱ ላይ 60ው ተይዟል። 120 ነፃ አለኝ።"

"መቼ ይደርሰኛል?"

"ውሉን ዛሬ ብንፈርምና ክፍያው ቢከፈት በአምስት ሳምንት ጅቡቲ ነው። በአራት አልልህም፣ አልችልም።"

ሰውየው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቆሞ ሲያወራ የነበረ ገዢ ወንበር ሲስብ ምን ማለት እንደሆነ በዚህ ሥራ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ከሄደ በኋላ አብሯቸው የነበረው ልጅ አላስቻለውም። "ጋሼ፣ በአራት ሳምንት ብንለውስ? ቢሄድብን ኖሮ?" እሳቸውም፣ "ልጄ፣ ይሄ ሰው ቡናውን ለሱቁ ቀጥሮበታል። እኔ ያዘገየሁት ሳምንት እሱ ደንበኛ የሚያጣበት ሳምንት ነው" አሉት። ከዚያ ወረቀቷን አወጡና 120 የሚለው አጠገብ ትንሽ ምልክት አደረጉ።

ያቺ ወረቀት ናት ዝግጅት። እሷን ለመሙላት ምን ያህል ሥራ እንዳለ ልንገራችሁ።

ከዋጋው ልጀምር፣ እዚህ ላይ ልቆይ ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ነው። እኛ ቡና የምንገዛው በብር በፈረሱላ ነው። ገዢው የሚያወራው በአሜሪካ ሳንቲም በፓውንድ ነው። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፣ 17 ኪሎ ደግሞ 37 ፓውንድ ተኩል ገደማ ይሆናል። ይህቺን ሂሳብ ገዢ ፊት ስልክ አውጥቶ መምታት አይመከርም። ከአገር ሳትወጡ ቡናውን የገዛችሁበትን፣ የማበጠሪያውን፣ የኬሻውን፣ የትራንስፖርቱን፣ የባንኩን ወለድ፣ ሁሉን ደምራችሁ፣ በዕለቱ ምንዛሪ አካፍላችሁ፣ "ከዚህ ሳንቲም በታች አልወርድም" የምትሉትን ቁጥር ያዙ። ብሩ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እየተወሰነ ነው፤ ስለዚህ ያምናው ሂሳብ ለዘንድሮ አይሠራም። ዝቅተኛው የወጪ ንግድ ዋጋም አለ፤ ከሱ በታች ተስማምታችሁ ብትመጡ ውሉን የሚመዘግብላችሁ የለም።

ሙሉ ኮንቴይነር የሚባለው ባለ 20 ጫማው ነው፤ ባለ 60 ኪሎ 320 ኬሻ ይይዛል፣ ማለትም 19.2 ቶን። በዚህ መጠን ላይ ከፓውንዱ አንዲት ሳንቲም ስትቀንሱ ከኮንቴይነሩ ወደ 423 ዶላር ቀነሳችሁ ማለት ነው። አሥር ሳንቲም ከሆነች ከ4,200 ዶላር በላይ። ሰው በወሬ ሞቅታ መሃል "እሺ፣ ላንተ ስል አሥር ሳንቲም ልተውልህ" ሲል እሰማለሁ። ያ አሥር ሳንቲም የመፈልፈያ ጣቢያው ሠራተኞች ደሞዝ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን በዶላር አስቀድሞ ያየው ሰው እንዲህ በቀላሉ አይተውም።

ደግሞ የኒውዮርክን ዋጋ ሳያዩ ማደር አይቻልም። የአረቢካ ዋጋ የሚወሰነው እዚያ በሚደረገው የወደፊት ግብይት ነው፤ አንዱ ውል 37,500 ፓውንድ ነው። በኛ አቆጣጠር ስትመቱት አንድ ሺህ ፈረሱላ ገደማ ይሆናል፣ ለማስታወስም ይመቻል። በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. ዋጋው ከፓውንድ 4 ዶላር አልፎ ነበር። ገበያው እንዲህ ሲሆን ጠዋት የሰጣችሁት ዋጋ ማታ ላይ ሊያከስራችሁ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ነገር ወስኑ። ቁርጥ ዋጋ ነው የምትሰጡት ወይስ በኒውዮርኩ ላይ ዲፈረንሻል፣ ማለትም ከዚያ ዋጋ በላይ ወይም በታች የሚቆረጥ ልዩነት? ቁርጥ ከሆነስ እስከ መቼ ይቆያል? "ይህ ዋጋ እስከ ዓርብ ይጸናል" የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ከብዙ ጭቅጭቅ ታድናለች። ገዢውም አይቀየምም፤ እንዲያውም ያከብራችኋል።

ክፍያውስ? በኤልሲ ነው (የገዢው ባንክ ክፍያውን የሚያረጋግጥበት)፣ በካድ ነው (ሰነዱ ሲቀርብ የሚከፈልበት)፣ ቅድሚያ ይላካል? ይህንን ከባንካችሁ ጋር ተነጋግራችሁ ሂዱ። እዚያ ቆሞ "ባንኬን ልጠይቅ" ማለት ነውር የለውም፣ ግን ሰውየው ቀጣዩ ቡዝ ጋ ሲደርስ መልሱን ያገኘዋል።

ሌላም ሰው ይመጣል። ትንሽ ቡና ቆዪ ነው፣ ሻርጃ ወይም አቡዳቢ ሁለት ሱቅ አለው፣ የሚፈልገው አምስት ኬሻ ነው። ኮንቴይነር ብትነግሩት አያዳምጣችሁም። ለሱ የሚጠቅመው ዱባይ ውስጥ መጋዘን የተቀመጠ ቡና ነው። ጀበል አሊ ላይ ዲኤምሲሲ የተባለው የዱባይ የሸቀጥ ንግድ ተቋም በ2019 የከፈተው የቡና ማዕከል አለ፣ ሌሎች መጋዘኖችም አሉ። እዚያ ቡና ካላችሁ የኬሻውን ዋጋ ለብቻው ጻፉት። ከሌላችሁ ግን ከእናንተ የሚገዛውን የዱባይ አስመጪ ስልክ ስጡት። ሰውየውን ባዶ እጁን አትስደዱት፣ ትንንሾቹ ያድጋሉ።

የጊዜው ነገር ደግሞ አለ። እነዚህ ጉባኤዎች ከአዝመራችን ጋር ይጋጫሉ። እሸቱ በብዙ ቦታ ከጥቅምት እስከ ጥር ይለቀማል። የታጠበው ቶሎ ይደርሳል። ከነልጣጩ የሚደርቀው ደረቁ ቡና ግን ማድረቂያ አልጋ ላይ ሦስት አራት ሳምንት ይቆያል፣ ከዚያ ጀንፈሉ (የደረቀው ፍሬ) መፈልፈል አለበት፣ ከዚያ አዲስ አበባ ገብቶ ይበጠራል። እንግዲህ በጥር ዱባይ ላይ "የዘንድሮ ጉጂ ደረቅ ይኸው" የሚል ሰው ወይ የመጀመሪያውን ዙር ነው የያዘው ወይ ያምናውን ነው። ገዢው ይህንን የማያውቅ ይመስላችኋል? ያውቃል። የሚጠይቀውም ሊፈትናችሁ ነው። እውነቱን በግልጽ የሚናገር መልስ ያዙ፦ "ይሄ በኅዳር የተለቀመ የመጀመሪያ ዙር ነው። ዋናው ምርት በመጋቢት ይደርሳል፣ ያኔ ናሙና እልክልሃለሁ።" ያምናውን ከያዛችሁም ያምናው ነው በሉ። ጣዕሙን ለማሳየት ይበቃል፣ ለሽያጭ አይቅረብ።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ፣ ትንሽ የሚመስል ግን ብዙ ያጠፋ ነገር አለ፤ የዓመተ ምሕረቱ ነገር። ናሙና ከረጢት ላይ "የ2017 ምርት" ተብሎ ተጽፎ አይቻለሁ። ቡናው አዲስ ነው። ፈረንጁ ግን የሚያነበው በራሱ አቆጣጠር ነው፤ ስምንት ዓመት መጋዘን ውስጥ የከረመ ቡና መስሎት ከረጢቱን ቀስ ብሎ መልሶ ሲያስቀምጥ ዓይኔ እያየ። አንድም ቃል አልተናገረም። የምርት ዘመኑን ሁልጊዜ በነሱ አቆጣጠር፣ ሁለቱንም ዓመት አድርጋችሁ ጻፉ፦ 2025/26 እንደማለት። የሰዓቱም እንደዚያው ነው። ቀጠሮ ስትይዙ በነሱ አቆጣጠር ይሁን፤ ዱባይ ደግሞ ከኛ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች።

ናሙናውን እንዴት እንደምናዘጋጅ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ናሙናው ከእናንተ በኋላም ያወራል። እኛ ለአንድ ናሙና 300 ግራም ያህል ጥሬ ቡና እንይዛለን። ገዢው ሁለት ጊዜ ቆልቶ እንዲቀምስ ይበቃዋል። ከታሸገው ሎት (አንድ ላይ ተዘጋጅቶ ከሚሸጠው ቡና) ላይ ነው የምንወስደው፣ ከበርካታ ኬሻ በዘንግ ተወግቶ። ከአንድ ኬሻ አፍ ላይ ተዝቆ፣ ያውም በእጅ ተለቅሞ የተዘጋጀ ናሙና ችግር ነው የሚወልደው። ኮንቴይነሩ ሲደርስ ቡናው ከናሙናው ካልገጠመ ያ ገዢ እናንተን ብቻ አይደለም የሚተወው፣ "የኢትዮጵያ ላኪ" የሚለውን ሁሉ ነው በጥርጣሬ የሚያየው። እርጥበቱ ከ12 በመቶ በታች መሆኑን በመሣሪያ አይታችሁ ቁጥሩን ጻፉት። ጽሑፉ በእስክሪብቶ ከሆነ ላስቲኩ ላይ ይለቃል፤ እኛ አትመን አንዱን ከውጭ እንለጥፋለን፣ አንዱን ወረቀት ከቡናው ጋር ውስጥ እንጨምራለን። ወረዳው፣ የመፈልፈያው ስም፣ የታጠበ ወይም ደረቅ መሆኑ፣ ደረጃው፣ የሎት ቁጥሩ፣ የኬሻው ብዛት። ስልካችሁም ይኑርበት። ገዢው አገሩ ገብቶ ከሳምንታት በኋላ መቶ ከረጢት ጠረጴዛ ላይ ሲዘረግፍ ካርዳችሁን አይፈልግም፣ ከረጢቱን ነው የሚያነበው። ናሙና ከአገር ማውጣት ወረቀት የሚጠይቅ ጉዳይ ስለሆነም መጨረሻው ሳምንት ላይ አትጀምሩት።

አሁን ሰዎቹን እንያቸው። ኤግዚቢሽን ማለት በር ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን መጠበቅ የሚመስለው ብዙ ነው። የማውቃቸው ጎበዝ ላኪዎች ግን ከመሄዳቸው በፊት ቀጠሮአቸው ሞልቷል። የተሳታፊዎቹ ዝርዝር ቀደም ብሎ ይወጣል። ቁጭ ብላችሁ አንድ በአንድ አንብቡት። ማን የኢትዮጵያ ቡና ይገዛል? ድረ ገጹ ላይ ምን ቡና አለው? ይርጋጨፌ ብቻ ነው ወይስ ጅማም ሞክሯል? ሊንክዲን ላይ ገዢው ማነው፣ ጥራት ላይ ያለውስ ማነው? ከዚያ ጥቂት ሰው ምረጡ። ጥቂት ስል በደንብ ልታወሩት የምትችሉት ያህል። ለያንዳንዱ ከሦስት አራት ሳምንት በፊት አጭር ኢሜይል ይላካል፦ ማን እንደሆናችሁ፣ የሱን የትኛውን ቡና እንዳያችሁ፣ ከሱ ጋር የሚሄድ ምን እንዳላችሁ፣ በየትኛው ቀን ስንት ሰዓት ልትገናኙ እንደምትፈልጉ። አራት መስመር። የድርጅታችሁን ታሪክ ከምሥረታው ጀምሮ አትጻፉለት፣ አያነበውም። ናሙናውን ቀድማችሁ በፖስታ ብትልኩለት ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ ቀምሶት ከመጣ ወሬው ከመሃል ይጀምራል።

ሰው ሲመጣ የሚጠይቀው እንደ አገሩ ነው። የጃፓኑ ስለ ፀረ ተባይ ቅሪት ይጠይቃል። በ2008 እ.ኤ.አ. ከኛ በሄደ ቡና ላይ ቅሪት ተገኝቶ ገበያው ክፉኛ ተጎድቷል፣ እነሱ ያንን አልረሱትም። የኬሻው ንጽሕና፣ መጋዘኑ፣ የላቦራቶሪ ውጤቱ፣ ሁሉንም በወረቀት ያዙለት። የአውሮፓው ስለ አውሮፓ ኅብረት የደን ሕግ ይጠይቃል። ሕጉ የሚጀምርበት ቀን ቢገፋም አስመጪዎቹ ከአሁኑ እየጠየቁ ነው። ቡናው ከ2020 እ.ኤ.አ. ማብቂያ በኋላ ከተመነጠረ ደን እንዳልመጣ፣ የማሳውም ቦታ በጂፒኤስ እንዲታወቅ ነው የሚፈልገው። ከ4 ሄክታር በላይ የሆነ ማሳ ዙሪያው ይለካል፣ ከዚያ በታች ለሆነው አንዲት ነጥብ ትበቃለች። የኛ ገበሬ ማሳ አብዛኛው ትንሽ ስለሆነ ነጥቧ ትበቃናለች፤ ግን አንድ ሎት ውስጥ የስንት መቶ ገበሬ ቡና እንዳለ አስቡት። "እየሠራንበት ነው" የሚለውን መልስ ሁሉም ሰው ይመልሳል። እናንተ "ከዚህ ጣቢያ ገበሬዎች ውስጥ የዚህን ያህሉ ተለክቷል፣ ይኸው ፋይሉ" ብትሉ፣ ግማሹ እንኳ ቢሆን፣ ገዢው ማስታወሻውን ሲያወጣ ታያላችሁ።

አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። ውጭ ስንሄድ እርስ በርሳችን እንሰበሰባለን። አዳራሹ ውስጥ የኛን ባንዲራ ስናይ እግራችን ወደዚያ ነው። ደስ ይላል፣ እውነቴን ነው። ዱባይ ላይ ደግሞ እዚያ የሚሠሩ ወገኖቻችን በዕረፍት ሰዓታቸው ይመጣሉ፣ የጀበናው ሽታ ይስባቸዋል፣ አንዷ ሲኒ ይዛ ዓይኗ እንባ ሲሞላ አይቻለሁ፣ ያንን ማንም አይከለክልም፣ መከልከልም የለበትም። ግን ለሦስት ቀን አዳራሽ ብዙ ዶላር ተከፍሏል። ከአዲስ አበባ የመጣነው ሰዎች ቦሌ ላይ በማንኛውም ቀን ልናወራው የምንችለውን ወሬ እዚያ ስናወራ ገዢው ከጀርባችን ያልፋል። ሥራ ተከፋፈሉ። አንድ ሰው ቡና ያቅርብ፣ እንግዳውንም ይቀበል። አንድ ሰው ስለ ዋጋና ጭነት ያውራ። አንድ ሰው ይጻፍ። እኩለ ቀን ላይ ተቀያየሩ። ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ ከማታውቁት ሰው አጠገብ ተቀመጡ፤ መጀመሪያ ይከብዳል፣ ግን ያ ሰው ራሱ የሚያዋራው ፈልጎ ነው የተቀመጠው።

ለንግግርና ለፓነል የተመደበውን ሰዓት በተመለከተ ብዙ አልልም። ከፕሮግራሙ ላይ ሥራችሁን የሚነካውን መርጣችሁ ግቡ፣ ለሌላው ሰዓታችሁን አትስጡ። ከገባችሁ ግን ጥያቄ ጠይቁ፣ ስትጠይቁም ስማችሁንና የምትልኩትን ቡና ቀድማችሁ ተናገሩ። ሰው ከወጣ በኋላ ፈልጎ ያገኛችኋል።

ማታ ድካም አለ። እግር ያብጣል፣ እራት ግብዣ አለ፣ እንቅልፍ አለ። እኔ ግን ሳልተኛ በፊት የማደርገው ነገር አለ፤ የዕለቱን ካርዶች አልጋው ላይ ዘርግቼ በያንዳንዱ ጀርባ ላይ እጽፋለሁ። ምን ቀመሰ፣ ምን አለ፣ ምን ቃል ገባሁለት። "ሲዳማ የታጠበ፣ 40 ኬሻ፣ አሲዱን ወዶታል፣ ለጥራት ኃላፊዋ ናሙና ይላክ።" በማግሥቱ ይህ ሁሉ ይደባለቃል፣ አምስቱም ገዢ አንድ ሰው ይመስላል። በዋትስአፕ ድምፅ መቅዳት የሚቀላችሁ ከሆነ እንደዚያ አድርጉ።

ከተመለሳችሁ በኋላ ያለው ሳምንት ከጉባኤው እኩል ነው፣ ምናልባትም ይበልጣል። ከአገር ሳትወጡ ያንን ሳምንት ባዶ አድርጉት። ሰው ሲመለስ ቢሮ የተከመረ ሥራ ይጠብቀዋል፣ መጋዘን ይደወላል፣ ባንክ ይደወላል፣ የጉባኤው ካርዶች መሳቢያ ውስጥ ይገባሉ፣ ከወር በኋላ "ያ ሰውዬ ማን ነበር?" ይባላል። ናሙና እልካለሁ ካላችሁ በዚያ ሳምንት ይላክ፣ የመላኪያ ቁጥሩም ለገዢው ይድረስ። ዋጋ እጽፍልሃለሁ ካላችሁ ጻፉ። የሌላችሁን ነገር ጠይቆ ከነበረም "ፈልገን አላገኘንም" ብላችሁ ጻፉ። ይህንን የሚጽፍ ሰው ብርቅ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ከኔ ገዢዎች አንዱ መጀመሪያ ያመነኝ እንዲህ ባለ የ"የለም" ደብዳቤ ነው። የፈለገውን ቡና አላገኘሁለትም፣ ነገርኩት፣ በሚቀጥለው ወቅት ሌላ ቡና ጠይቆኝ መጣ።

ውጭ ለመሄድ አቅሙ የሌላችሁ ደግሞ አላችሁ። ጀማሪዎች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ ከአነስተኛ ማሳቸው ራሳቸው መላክ የጀመሩ ገበሬዎች። ጉባኤው አዲስ አበባ በሚመጣበት ዓመት አያምልጣችሁ። ቡዝ መከራየት ግዴታ አይደለም። ባጅ አውጥታችሁ፣ ናሙናችሁን በቦርሳ ይዛችሁ፣ ቀጠሮአችሁን አስቀድማችሁ ይዛችሁ ግቡ። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ለናንተ የሚያደላ ነገር አለ፤ ገዢው ከጉባኤው በኋላ ወደ ገጠር መውጣት ይፈልጋል። መኪናችሁ፣ መንገዳችሁ፣ ጣቢያው ላይ የሚቀበላችሁ ሰው ከተዘጋጀ፣ አዳራሽ ውስጥ ግማሽ ሰዓት የማታገኙትን ሰው ሁለት ሙሉ ቀን ታገኙታላችሁ። ይርጋጨፌ ደርሶ አልጋው ላይ ያለውን ቡና በእጁ የነካ ሰው ሌላ ሰው ሆኖ ነው የሚመለሰው።

የመጨረሻው ጉዳይ ማን ይሂድ የሚለው ነው፣ እሱ ላይ ስሜቴን አልደብቅም። ብዙ ድርጅት ውስጥ የሚሄደው ባለቤቱ ነው፣ ከሱ ጋር አንድ ዘመድ። ቡናውን በየቀኑ የምትቀምሰው ልጅ ላቦራቶሪ ትቀራለች። የትኛው ሎት አበባ አበባ እንደሚል፣ የትኛው ከሁለት ወር በኋላ እንደሚደክም፣ የትኛው መፈልፈያ ዘንድሮ ማጠቢያውን እንደቀየረ የምታውቀው እሷ ናት። ገዢው ይዞት የሚመጣው ሰውም እንደሷ ያለ ቀማሽ ነው። ሁለት ቀማሾች አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲገናኙ ቋንቋቸው አንድ ነው፤ እንግሊዝኛዋ ቢሰበርም ያወራሉ፣ ማንኪያ ይቀባበላሉ፣ ውጤት ያስተያያሉ። አንድ ድርጅት እንዲህ አድርጎ ቀማሿን ይዞ ሲመጣ አይቻለሁ። ባለቤቱ ስለ ዋጋ ያወራል፣ ስለ ቡናው ሲጠየቅ ወደሷ ዞሮ "እሷን ጠይቃት" ይላል። ገዢዎቹ በማግሥቱ የመጡት እሷን እየጠሩ ነበር።

ባለቤቶች ይህንን የምታነቡ ከሆነ፣ ቪዛ ጊዜ ይወስዳል፣ ለወጣት ሴት ደግሞ አንዳንዴ ከሌላው የበለጠ ወረቀት ይጠየቃል። ፓስፖርት ከሌላት ከአሁኑ ይውጣላት። የድጋፍ ደብዳቤዋንም በዚህ ሳምንት ጻፉላት።